በሰንሴት ኦቨርድራይቭ መሬት በነካሁ ቁጥር እሞታለሁ፤ ምን ላስተካክል?

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኢንሶምኒያክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ለኤክስቦክስ ዋን ያወጣውንና በኖቬምበር 2018 ወደ ኮምፒውተር የመጣውን ሰንሴት ኦቨርድራይቭን መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ታሪኩን ወድጄዋለሁ። ፊዝኮ የተባለው ኩባንያ በ2027 ኦቨርቻርጅ ዴሊሪየም ኤክስቲ የሚባል የኃይል መጠጥ ያስመርቃል፤ መጠጡን የጠጡት ሰዎች ወደ አውሬነት ይለወጣሉ፤ በምረቃው ድግስ ላይ በጽዳት ሥራ ተሰማርቶ የነበረው ባለታሪክ ደግሞ በተዘጋችው ሰንሴት ሲቲ ውስጥ ለሕይወቱ ይታገላል። ከተማዋ ደማቅ ናት፤ ቀለሟና ሙዚቃዋም ያስደስታል። የተቸገርኩት በውጊያው ነው።

እስካሁን የተጫወትኳቸው የተኩስ ጌሞች ሁሉ ያስተማሩኝ አንድ ዓይነት አካሄድ ነው፤ ከለላ መፈለግ፣ ተደብቆ ማነጣጠር፣ አካባቢው ሲጠራ ወደሚቀጥለው ከለላ ማለፍ። እዚህ ግን ከሽቦ ላይ ወርጄ ከቆመ መኪና ጀርባ ቆሜ ሁለት ሦስት ጥይት ሳልተኩስ ኦዲ የሚባሉት አውሬ የሆኑት ሰዎች ከአራቱም አቅጣጫ ይከቡኛል፤ ከመካከላቸው ለመውጣት ስሮጥም ይደርሱብኛል። በሽቦ ላይ እየተንሸራተትኩ ለመተኮስ ስሞክር ደግሞ ዓይኔ ዒላማውን ሲከተል የሽቦው መጨረሻ ሳላየው ይደርስና እወድቃለሁ፤ ስወድቅ የምወድቀውም በኦዲዎቹ ሕዝብ መካከል ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። መጀመሪያ፣ እየተንቀሳቀሱ መተኮስን እንዴት ለመዳችሁት? ሁለተኛ፣ መሬት ሳትነኩ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ቀጣዩን መያዣ የምታገኙት እንዴት ነው? እኔ አየር ላይ ሆኜ ስፈልገው ሁልጊዜ እዘገያለሁ። ሦስተኛ፣ ተጨማሪ ችሎታ ስለሚሰጠው አምፕና ስለ ስታይል መለኪያው ገና ከመጀመሪያው መጨነቅ አለብኝ ወይስ ለኋላ ልተወው? ጌሙን ማቋረጥ አልፈልግም፤ ሌሎች ሲጫወቱት ሳይ የሚያምር ነገር እንዳለበት ይገባኛል፤ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ነው ያጣሁት።


ባለሽቦው፦

አዲስ_ገቢ፣ እንኳን ደህና መጡ። የገለጹት ችግር ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። ከሌሎች ጌሞች ይዘውት የመጡት ጥሩ ልማድ እዚህ የሚጎዳዎ ሆኖ ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ልክ እንደ እርስዎ ከመኪና ጀርባ ቆሜ አሳልፌአለሁ።

በዚህ ጌም መሬቱ የጠላት ነው። ባለታሪኩ በእግሩ ሲሮጥ ቀርፋፋ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ተጠግተውት የሚደበቁበት የከለላ ሥርዓትም አልተሠራለትም። ኦዲዎች ደግሞ አንድ በአንድ የሚመጡ ጠላቶች ሳይሆኑ እንደ ጎርፍ የሚመጡ ናቸው፤ ቆሞ የሚጠብቃቸውን ሰው ሊውጡ የተሠሩ ናቸው። በአንጻሩ ከከፍታ መውደቅ ምንም አይጎዳም። ከሰንሴት ሲቲ ረጅሙ ሕንፃ ጫፍ ቢዘሉ እንኳ በእግርዎ ቆመው ይነሳሉ። እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ካዩአቸው ሠሪዎቹ የሚነግሩን ግልጽ ነው፤ ከፍታ ዋጋ አያስከፍልም፤ ዋጋ የሚያስከፍለው መቆም ነው። በሌላ ጌም ከለላ የሚሰጥዎትን ጥበቃ እዚህ የሚሰጥዎ ፍጥነትዎ ነው፤ ምክንያቱም በሽቦ ላይ የሚንሸራተትን ሰው ከታች ያለው አብዛኛው ጠላት በቀላሉ አይመታውም።

ስለዚህ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የመጀመሪያው በእሱ ላይ የቆመ ነውና። ለአንድ ምሽት ተልዕኮዎቹን ሁሉ ይተዉአቸው፤ መሣሪያም አይተኩሱ። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር መሬት ሳይነኩ ለማቋረጥ ብቻ ይሞክሩ። ይህን ሲያደርጉ በዙሪያዎ ያለውን ነገር ሁሉ በሦስት ወገን ከፍለው ማየት ይልመዱ። አንደኛው ወገን መስመር ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የጣሪያ ጠርዝ። ሁለተኛው የሚያነጥር ነገር ነው፤ መኪና፣ የሱቅ በር ላይ የተዘረጋ የጨርቅ ጥላ፣ ቁጥቋጦ፣ ጃንጥላ። ሦስተኛው ግድግዳ ነው፤ የሕንፃ ፊትና የማስታወቂያ ሰሌዳ። መስመር ጊዜ ይሰጣል፣ የሚያነጥር ነገር ከፍታ ይሰጣል፣ ግድግዳ ደግሞ አቅጣጫ ለመቀየር ይረዳል። ይህ ክፍፍል በአእምሮዎ ከተቀረጸ በኋላ ዓይንዎ መኪናን እንደ መኪና ማየት ይተውና ወደ ላይ የሚያስፈነጥር ነገር አድርጎ ያነበዋል። ለእኔ የጌሙ እውነተኛ ጅማሬ ያች ቅጽበት ነበረች።

መስመሩንም ግድግዳውንም የሚይዙት በአንድ ቁልፍ ነው፤ በኤክስቦክስ ኮንትሮለር ኤክስ ማለት ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ቁልፉን በጭንቀት ደጋግሞ በመጫን ነው። ሽቦ ላይ ካረፉ በኋላ ኤክስን ዳግመኛ መጫን ባለታሪኩን ከሽቦው በላይ ከመንሸራተት ከሽቦው በታች ተንጠልጥሎ ወደ መሄድ ይቀይረዋል። ይህ በመንገድ ላይ ያለን መሰናክል ለማለፍ የተሰጠ ነው፤ ሳያስቡት ሲያደርጉት ግን የት እንዳሉ ይጠፋዎታል። ሊያርፉ ሲቃረቡ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ።

ቀጣዩን መያዣ አየር ላይ ሆነው ከፈለጉት በእርግጥም ዘግይተዋል። ፍለጋው መጀመር ያለበት ገና ሽቦው ላይ እያሉ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ዓይኑን ከፊቱ ጎማ ሥር እንደማያደርግ ሁሉ እዚህም ባለታሪኩን ማየት አይገባም። ሰውነትዎ ሽቦው ላይ እያለ ዓይንዎ ቀጥሎ የሚነጥሩበት መኪና ላይ፣ ሐሳብዎ ደግሞ ከመኪናው በኋላ የሚመጣው ጠርዝ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ሳያስቡት የሚያደርጉት ነገር ይሆናል።

አሁን ወደ ተኩሱ። በመስመር ላይ እየተንሸራተቱ ሳሉ የሚሄዱበትን አቅጣጫ የሚወስነው ሽቦው ነው፤ እርስዎ መምራት አያስፈልግዎትም። እግርዎን ሽቦው ተረክቦልዎታልና ካሜራው ነጻ ነው፤ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ማዞር ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ካሜራውን በሚሄድበት አቅጣጫ አስሮ ይጫወታል። እንግዲህ ልምምዱ ይህ ነው፦ ሽቦው ላይ እንዳረፉ አንዴ ወደፊት አይተው መጨረሻው የት እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ይያዙ፤ ከዚያ ካሜራውን ወደ ጠላት ያዙሩና ይተኩሱ፤ ሽቦው ሳያልቅ ወደፊት ይመለሱ። መጀመሪያ በአንድ ሽቦ ላይ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሱ። ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ይጨምራል።

የመሣሪያ ምርጫም ይረዳል። ለጅምሩ ጥንቃቄ ያለው ማነጣጠር የሚጠይቁትን ትተው ሰፊ ቦታ የሚመቱትን ይያዙ። ቲኤንቲ ቴዲ የሚፈነዱ የአሻንጉሊት ድቦችን ይወረውራል፤ ሕዝቡ መካከል ካረፈ ይበቃል። ሃይ ፊደሊቲ የሚተኩሰው የሸክላ ዲስክ ነው፤ ዲስኩ እየነጠረ ከአንዱ ጠላት ወደ ሌላው ያልፋል። ደርቲ ሃሪ የተባለው ሽጉጥ ደግሞ ስካብ ለሚባሉት፣ ጠመንጃ ይዘው ለሚመጡት ሰዎች ይሁን። መሣሪያ በተጠቀሙበት ቁጥር እስከ አምስተኛ ደረጃ ያድጋልና ሁለት ወይም ሦስት መርጠው በእነሱ ይጽኑ።

ሦስተኛውን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። የስታይል መለኪያው የሚሞላው ከአንድ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩና እየተንቀሳቀሱ ሲገድሉ ነው፤ ሲቆሙ ይወርዳል። አምፖች የሚሠሩትም መለኪያው ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ መንቀሳቀስ ሳይለምዱ ጥሩ አምፕ መያዝ ብዙ አይጠቅምም፤ ከለመዱ በኋላ ደግሞ መለኪያው ራሱ ይሞላል። ነገር ግን ለአምፕ መሥሪያ የሚሰበሰቡትን ዕቃዎች ከአሁኑ መሰብሰብ ይጀምሩ። ምክንያቴ አምፑ አይደለም። ጫማዎቹ ከሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ የፊዝኮ ምልክት የሆነው የፊዚ ፊኛዎችም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይገኛሉ፤ ስለዚህ እነሱን የሚያሳድድ ሰው ሳያውቀው የከተማዋን መስመሮች ያጠናል። የት እንዳሉ የሚያሳየውን ካርታ ቱ ሃት ጃክ የተባለው የጌሙ ነጋዴ ይሸጣል።


ታዛቢ_ዘጠኝ፦

በባለሽቦው ምክር እስማማለሁ፤ ስለሚጫወቱበት ማሽን ጥቂት ልጨምር። አዲስ_ገቢ፣ በምን እየተጫወቱ እንደሆነ አልገለጹም። በኤክስቦክስ ዋን ጌሙ በሰከንድ 30 ፍሬም ነው የሚሄደው፤ የምስሉ ጥራትም 900ፒ ነው። በኮምፒውተር ከዚያ በላይ የሚሄድ ሲሆን፣ እኔ ሁለቱንም ስለሞከርኩ ልዩነቱ ለዓይን ውበት ብቻ እንዳልሆነ መመስከር እችላለሁ። በፍጥነት እየሄዱ ካሜራውን ሲያዞሩ ምስሉ ካልተቆራረጠ ቀጣዩን ሽቦ ቀድሞ ማየት ይቀላል።

ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ ማውዝ ለማነጣጠር በእርግጥ ይሻላል፤ አየር ላይ ሆኖ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ትንሽ ወደ ቀኝ ለመጎተት ግን የኮንትሮለር ስቲክ የሚሰጠውን ልስላሴ ኪቦርድ አይሰጥም። እኔ በመጨረሻ ወደ ኮንትሮለር ተመልሻለሁ። የካሜራውን ፍጥነትም ከሴቲንግ ውስጥ ከፍ ያድርጉት፤ በቀርፋፋ ካሜራ ወደ ኋላ ዞሮ ተኩሶ ወደፊት መመለስ አይቻልም። ከፍ ሲያደርጉት ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ አይዝለሉ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ።


ሐዲድ_ፈላጊ፦

የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ አዲስ_ገቢ ከዚህ ጌም ምን መጠበቅ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እኔ የተሳሳተ ነገር ጠብቄ ገብቼ ለረጅም ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር።

በ2000 በድሪምካስት የወጣውን ጄት ሴት ሬዲዮን የተጫወተ ሰው ሽቦና መደገፊያ ላይ መንሸራተት ምን ያህል ሊጠይቅ እንደሚችል ያውቃል። እዚያ ፍጥነትህን አስተካክለህ፣ መስመሩን በትክክል ተመልክተህ ካልዘለልክ ታልፈዋለህ። በ2004 የወጣው የስፓይደርማን 2 ጌም ደግሞ ድሩ እውነተኛ ሕንፃ ላይ እንዲጣበቅ አደረገ፤ ከተወዛወዝክበት ቅስት የትኛው ነጥብ ላይ እንደምትለቅ የሚወስነው ምን ያህል እንደምትርቅ ነበር። በሁለቱም ፍጥነት የምታተርፈው ነገር ነው፤ ከስህተት ትከስራለህ፤ ከጥሩ አፈጻጸም ታተርፋለህ። በሰንሴት ኦቨርድራይቭ ግን ከሽቦው ትንሽ ርቀህም ቁልፉን ብትጫን ጌሙ እንደ ማግኔት ስቦ ያሳርፍሃል። በሽቦ ላይ ያለህ ፍጥነትም እንዴት እንደደረስክበት ብዙም ግድ አይሰጠውም። እንቅስቃሴውን ብቻ ነጥለን ካየነው ጥልቀቱ ከሁለቱ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የሌሊት መከላከያ የሚባሉት ተልዕኮዎች ናቸው። ጌሙ ሰዓታት ሙሉ "አትቁም" ሲል ካስተማረ በኋላ የኦቨርቻርጅ ጋኖችን ከኦዲዎች ማዕበል እንድትጠብቅ ያደርግሃል፤ ጋን ደግሞ አይንቀሳቀስም። አዲስ_ገቢ እዚያ ሲደርሱ የድሮው ከለላ የመፈለግ ልማድ ተመልሶ ይመጣባቸዋል። መፍትሔው መሬቱን ለወጥመዶች መተው ነው። ወጥመዶቹን ማዕበሉ ሳይጀምር ኦዲዎቹ በሚመጡባቸው መግቢያዎች ላይ ይትከሉ፤ አሲድ የሚረጨውን አሲድ ስፕሪንክለርንም በጋኖቹ አጠገብ ያኑሩ፤ ከዚያ እርስዎ በምሽጉ ዙሪያ ባሉት ሽቦዎች ላይ ይዙሩ። ወደ ታች መውረድ ያለብዎ አንድ ጋን ሊሰበር ሲቃረብ ብቻ ነው።

ጌሙን ጠልቼው እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የወደድኩት ግን የእንቅስቃሴ ጌም መሆኑን ትቼ፣ እየተንቀሳቀሱ የሚዋጉበት ጌም እንደሆነ ከተቀበልኩ በኋላ ነው።


ባለሽቦው፦

ሐዲድ_ፈላጊ ያነሱት ነጥብ ክብደት ያለው ስለሆነ በጥንቃቄ መልስ ልስጥበት። ስለ ፍጥነቱ ትክክል ነዎት፤ አልከራከርም። ማግኔቱን በተመለከተ ግን ከእርስዎ የተለየ አመለካከት አለኝ።

በጄት ሴት ሬዲዮ ስንንሸራተት ሙሉ ትኩረታችን መስመሩ ላይ ነው፤ እዚያ ሃያ ጠላት ከሥር እየዘለለ፣ ስምንት መሣሪያ የያዘ መምረጫ ከእጃችን ሥር ሆኖ፣ ከሰማይ ክንፍ ያላቸው ኦዲዎች እየወረዱ አይደለም የምንጫወተው። የሰው ትኩረት የተወሰነ ነው። ሠሪዎቹ ማረፊያውን ጥብቅ ቢያደርጉት ኖሮ ተጫዋቹ ወይ ይንሸራተት ነበር ወይ ይተኩስ ነበር እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይችልም ነበር። አዲስ_ገቢ ራሳቸው የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ማግኔቱ እያለ እንኳ ዓይናቸው ዒላማውን ሲከተል ይወድቃሉ። ስለዚህ ማግኔቱ የተሰጠው ለስንፍና ሳይሆን ትኩረትን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄው "እዚያ ሽቦ ላይ መድረስ እችላለሁ ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "ከሦስቱ ሽቦዎች የትኛው ሕዝቡን በጎን በኩል ያሳየኛል?" ይሆናል።

የኢንሶምኒያክ ጌሞችን በተከታታይ ያየ ሰው ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ይታየዋል። በ2002 በወጣው የመጀመሪያው ራቼት ኤንድ ክላንክ ውስጥ ባለታሪኩ የመንሸራተቻ ጫማ አድርጎ በሐዲድ ላይ ይሄድ ነበር፤ ሐዲዱ ግን መጀመሪያና መጨረሻው የታወቀ፣ ለዚያ ክፍል ብቻ የተዘረጋ ነበር። ሰንሴት ኦቨርድራይቭ ሐዲዱን ቆራርጦ በአንድ ሙሉ ከተማ ላይ በተነው፤ የትኛውን ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚወስነውም ተጫዋቹ ሆነ። በ2018 ያው ስቱዲዮ የስፓይደርማንን ጌም ለፕሌይስቴሽን 4 ሲሠራ፣ ባለታሪኩ ከሕንፃ ጫፍ ወደ ጫፍ ተወርውሮ ሳይቆም ሲያልፍና ግድግዳን በሩጫ ሲሻገር፣ ያ ያለማቋረጥ የመፍሰስ ስሜት ከሰንሴት ሲቲ የተወረሰ መሆኑ በእጅ ይዳሰሳል፤ ድሩም ዳግመኛ ሕንፃን ይዞ ነው የሚወዛወዘው፤ ፍጥነትም ተጫዋቹ የሚያተርፈው ነገር ሆኗል። እርስዎ የጎደለ ያሉት ነገር በዚህ በኋለኛው ሥራቸው የተሟላ ይመስለኛል።

በራሱ በሰንሴት ኦቨርድራይቭ ውስጥም ቢሆን ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ በአየር ላይ ወደፊት የሚያስፈነጥረው ዳሽ ይከፈታል። ይህ ከተገኘ በኋላ ማግኔቱ የማይደርስባቸው ክፍተቶች ይሻገራሉ፤ መስመር የመምረጥ ጉዳይም ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ውሃ ላይ መንሸራተትም ስለሚቻል ወደቡ አካባቢ ያለው ውሃ መሰናክል መሆኑ ያበቃል። አዲስ_ገቢ፣ ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተስፋ እንዳይቆርጡ የምማጸንዎት፤ የጌሙ ሙሉ አካል ገና አልተሰጠዎትም።

ስለ ሌሊት መከላከያው የሰጡት ምክር በጣም ትክክለኛ ነው፤ የምጨምርበት የለኝም።


አዲስ_ገቢ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምጫወተው በኮምፒውተር፣ በኪቦርድና በማውዝ ነበር፤ በታዛቢ_ዘጠኝ ምክር ኮንትሮለር አገናኝቼ የካሜራውን ፍጥነት ከፍ አድርጌዋለሁ። ከዚያም ሦስት ምሽት ምንም ተልዕኮ ሳልጀምር ጫማና ፊኛ ስሰበስብ ቆየሁ።

በመጀመሪያው ምሽት ከአራት ወይም ከአምስት መያዣ በላይ ሳልወድቅ መቀጠል አልቻልኩም። በሁለተኛው ምሽት የተለወጠው ነገር እጄ ሳይሆን ዓይኔ ነው። ባለታሪኩን ማየት ተውኩ። ሽቦው ላይ እንዳረፍኩ ወደ መጨረሻው ማየት ስጀምር፣ ቀድሞ ምንም የሌለበት ይመስለኝ የነበረው መንገድ በመኪናና በጥላ የተሞላ ሆኖ አገኘሁት። በሦስተኛው ምሽት ከከተማዋ አንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር ሁለት ጊዜ ብቻ መሬት ነክቼ ደረስኩ።

ትናንት ወደ ተልዕኮዎቹ ተመለስኩ። ሄርከር የተባለው ግዙፉ ኦዲ ከዚህ በፊት ስምንት ጊዜ ያህል ገድሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜም ፊት ለፊቱ ቆሜ ስለምተኩስ ነው። በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ሽቦዎች መካከል በመኪኖቹ ላይ እየነጠርኩ እያቋረጥኩ ቲኤንቲ ቴዲን ከላይ ስወረውርበት፣ እጁን ባነሳ ቁጥር እኔ ወደ ማዶ አልፌ ነበር። የስታይል መለኪያው ሙሉ ሆኖ ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። ሲወድቅ አንድም ጊዜ እንዳልመታኝ አስተዋልኩ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከብደኛል። ስካቦች ጠመንጃ ስለያዙ ሽቦ ላይ ብሆንም ከሩቅ ይመቱኛል። ሌላው፣ ኬኦስ ስኳድ የሚባለውን የጋራ ጨዋታ አሁን ብሞክረው ይበዛብኛል?


ሐዲድ_ፈላጊ፦

እንኳን ደስ አለዎት። የሄርከሩ ታሪክ በእውነት አስደስቶኛል።

ስካቦችን በሚመለከት ስህተቱ በአንድ ረጅም ቀጥ ያለ ሽቦ ላይ መቆየት ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብሎ የሚሄድን ዒላማ ጠመንጃ የያዘ ሰው በቀላሉ ይከተለዋል። በኦዲዎች ላይ ረጅም ሽቦ ጥሩ ነው፤ በስካቦች ላይ ግን አጫጭር ሽግግር ይምረጡ፦ ትንሽ ሽቦ፣ ወዲያው መንጠር፣ ወዲያው ግድግዳ። ከሽቦው በላይና በታች መቀያየሩም እዚህ ይጠቅማል። ስካቦች ብዙውን ጊዜ እንደ ኦዲዎች በብዛት አይጎርፉምና ባለሽቦው እንዳሉት ደርቲ ሃሪን ይዘው አንድ በአንድ ይልቀሟቸው፤ ከጣሪያ ላይ የሚተኩሱትን ከሁሉ ያስቀድሙ።

ኬኦስ ስኳድ እስከ ስምንት ሰው አብሮ የሚጫወትበት ነው። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይዋጉም፤ በጋራ ተልዕኮዎችን እየፈጸሙ ይሄዱና በመጨረሻ የሌሊት መከላከያ ይጠብቃቸዋል። አይበዛብዎትም፤ እንዲያውም ለእርስዎ ደረጃ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው እላለሁ፤ ሌላው ሰው ከአንድ አደባባይ ወደ ሌላው በየትኛው ሽቦ እንደሚሄድ ከኋላው ሆኖ መከተል ከማንኛውም ጽሑፍ የተሻለ ያስተምራል። ስክሪኑ በስምንት ሰው ፍንዳታ ስለሚሞላ ግን ጠላት ማየት ሲያቅትዎ አይቁሙ፤ ወደ ከፍታ ይውጡና ከዚያ ሆነው እንደገና ይመልከቱ።


ባለሽቦው፦

በሐዲድ_ፈላጊ መልስ ላይ አንዲት ነገር ብቻ። ኬኦስ ስኳድ ከመግባትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት መሣሪያዎችን እስከ አምስተኛ ደረጃ ያድርሱ፤ አንዱ ለኦዲ፣ አንዱ ለስካብ የሚሆን። የአየር ዳሹንም ከታሪኩ ቀድመው ያግኙት፤ ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ዝላይ የሚሻገሩትን መንገድ እርስዎ በእግርዎ መዞር ይኖርብዎታልና። እንደገቡ ደግሞ ከፊት የሚሄደውን አይቀድሙ፤ በሁለት መያዣ ርቀት ይከተሉት፤ የነጠረበትን ይንጠሩበት፤ የያዘውን ሽቦ ይያዙ።